አራስ የሌለበት አራስ ቤት

የጊኒ ፒግ ልጅ አርጅቶ ነው የሚወለደው። ዓይኑን ገልጦ፣ ጠጉሩን ለብሶ፣ ጥርሱን አሟልቶ ይወጣና እርጥበቱ ሳይደርቅ ወለሉን መፈተሽ ይጀምራል። የወተት ጥርሱን እንኳ እናቱ ሆድ ሳለ ጨርሶ ነው የሚመጣው፤ ጣራ ላይ መወርወር የለ፣ ድድ እያሳዩ ፎቶ መነሣት የለ። በማግሥቱ ድርቆሽ ሲያኝክ ታገኙታላችሁ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ምንም ያልቀረው፣ ምሳው ካልቀረበለት ፍሪጅ መክፈት የማይሆንለት የአክስት ልጅ አለኝ። ስለ ጊኒ ፒግ ሕፃናት ሳወራ ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቅናት ብትሰሙ አትፍረዱብኝ።

ምስጢሩ እርግዝናው ላይ ነው። አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ትገላገላለች፤ የምትወልደውም ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ጠጉር ያላወጣ ቀይ ሥጋ ነው። ጊኒ ፒግ ግን ከ59 እስከ 72 ቀን ትሸከማለች። እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ ከ60 እስከ 100 ግራም ይመዝናል፤ ሦስትና አራት ሆነው ሲመጡ የእናትየውን ሆድ ማሰብ ነው። የሚገርመው ይህን ሁሉ ደክማ የምታወጣቸው እናት ያላት ጡት ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ተፈጥሮ "እኔ እዚህ ድረስ አድርሻለሁ፣ የቀረውን ተጋፍታችሁ ብሉ" ያለች ይመስላል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ወድጄ አይደለም።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ በእግር ሄዶ እንጀራ የሚገዛበት፣ ቡና ሲቆላ የጭስ ደወሉ የሚጮህበት ሰፈር። ልጄ ውሻ ፈለገች። የኪራይ ውላችን ውሻ አይፈቅድም። ድመት ስትል ደግሞ ባለቤቴን ያስነጥሳታል። ድርድሩ በመጠን እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ጊኒ ፒግ ላይ ቆመ። ሻጩ "ሴት ናት፣ ጨዋም ናት" አለን። ሁለቱም እውነት ነበር። ሦስተኛውን እውነት ግን እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ጊኒ ፒግ ብቸኝነት የማይችል ፍጥረት ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻውን ማኖር ተከልክሏል፤ ቢያንስ አንድ ጓደኛ ይገባዋል። ደንቡ ምድር ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖረውን ሐበሻ ስለመጨመሩ አልሰማሁም። እኛም አንዷን እናስገባ፣ ሌላዋን ደግሞ ወር ሲደርስ እንጨምራለን አልን። ጭማሪው ሆዷ ውስጥ ነበር።

ይህን ያወቁት አማቴ ናቸው። የመጡት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ተወልደው ያደጉት መንዝ ነው፤ ብርድና በግ በሚበዛበት አገር። ሻንጣቸው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ አብሽና ለፋሲካ የሚሆን ንጥር ቅቤ አለ። በር ላይ ተሳስመን ሳንጨርስ ጥግ ላይ ያለችውን ጎጆ አዩ፤ ጎንበስ ብለው መረመሯት።

"ይህቺ አይጥ ነፍሰ ጡር ናት" አሉ።

"አይጥ አይደለችም እማማ፤ ጊኒ ፒግ ናት። የወፈረችውም ስለምትበላ ነው።"

"እኔ ያልኩህ አርግዛለች ነው። ስሟን መች ጠየቅሁህ።"

ብዙም ሳይቆይ ጎኗ ላይ ከውስጥ የሚገፋ እግር በዓይን መታየት ጀመረ። ወለደችም፤ በሌሊት፣ ማንም ሳያይ፣ ሦስት። ጠዋት አማቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ለአይጥ እልልታ ነውር መሆኑ ትዝ ሲላቸው ወደ ሳል ቀየሩት። ልጄ ከካርቱን ፊልም ያገኘቻቸውን ስሞች አወጣችላቸው። አማቴ ስሞቹን መጥራት ስላልሆነላቸው በመልካቸው ቡሬ፣ ዳለቻና ዳማ አሏቸው። እንግዲህ በበሬና በፈረስ ስም የሚጠሩ፣ ሦስቱም ባንድ መዳፍ የሚያድሩ ፍጥረታት ቤታችን ገቡ።

እናታቸው ግን መብል ተወች፤ በማግሥቱ ሞተች። የእንስሳት ሐኪሟ በኋላ እንዳስረዳችን፣ ወፈር ያለች ጊኒ ፒግ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወይም በወለደች ሰሞን መብላት ስታቆም ሰውነቷ የገዛ ስቧን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው ነገር ደሟን ይመርዘዋል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው። የልጄን ለቅሶ አልተርክም። ቤታችን አራስ የሌለበት አራስ ቤት ሆነ ብቻ ልበል።

ሐበሻ ሲያዝን ያበላል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ፣ ለታመመ አጥሚት፣ ለተጣላ ጉርሻ። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ባለቤቴ ወተት ስታሞቅ፣ ልጄ የአሻንጉሊቷን ጡጦ ስታጥብ፣ እኔ ካሮት ስፍቅ ተገኘን። አማቴ መሀል ወለሉ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

"ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ። እናቱ የሞተችበት ግልገል በረሃብ ብቻ አይሞትም፤ ያዘነለት ሲበዛም ይሞታል።"

ከዚያ የመንዙን ታሪክ አመጡ። በግ ወልዳ ስትሞት ግልገሉ ቤት ይገባል። ጣት ወተት ውስጥ ተነክሮ ይጠባል። ትልቋ ልጅ አጥብታው ውሃ ልትቀዳ ትወጣለች፤ ትንሹ ልጅ ከእረኝነት ሲመለስ "አልጠባም መሰለኝ" ብሎ ይደግመዋል፤ አያት ደግሞ "ምስኪን" ብላ ትሠልሰዋለች። ማታ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ይገኛል። "አንድ ሰው ብቻ ነው እናት የሚሆነው" አሉ አማቴ፤ ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ምክንያቱን አሁንም አላወቅሁትም፤ እኔ ሌሊት የማነብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል።

በማግሥቱ ወደ ሐኪም ሄድን። ውሻና ድመት የሚያይ ሐኪም ሁሉ ጊኒ ፒግ አያይም፤ ጥንቸልና በቀቀን፣ እባብና ኤሊ ወደሚታዩበት ተላክን። የምርመራው ዋጋ ከእናትየው መግዣ ይበልጣል። ሐኪሟ ሦስቱን ተራ በተራ መዘነችና የመጀመሪያ ምክሯን ሰጠች፦ የምታጠባ ሌላ ጊኒ ፒግ ካገኛችሁ ሁሉም ነገር አለቀ። እነዚህ እንስሳት ባንድ ሰሞን የወለዱ እንደሆነ ያንቺ የኔ አይባባሉም፤ የመጣውን ሁሉ ያጠባሉ። ይህን ስተረጉምላቸው አማቴ ተደነቁ። "የጡት ልጅ ያውቃሉ ማለት ነው!" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ አይጥ ማለታቸውን ተዉ።

የምታጠባ አልተገኘችም። ስለዚህ ሁለተኛው ምክር መጣ። የፍየል ወተት፣ ወይም ለድመት ግልገል የሚሸጠው የዱቄት ወተት፣ ለብ ብሎ። መርፌው የወለቀ ባለ አንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። በቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊት ትንሽ ራቅ አድርጎ፤ ባንድ ጊዜም ግማሽ ሚሊ፣ ቢበዛ አንድ ሚሊ። ጠብታው በአፉ ጎን ከንፈሩ ላይ ይቀመጥና እሱ ራሱ እስኪልሰው ይጠበቃል። ከዋጠ በኋላ ሌላ ጠብታ። ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ወዲያው ማቆም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪሟ ጣቷን እያወዛወዘች የተናገረችው አለ፦ በጀርባው አታስተኙት።

ይህን የመጨረሻውን ቀላል ምክር አድርጎ የሚያይ ሰው ሕፃን ታቅፎ አያውቅም። ትንሽ ነገር እጃችሁ ላይ ሲያርፍ ክንዳችሁ ሳታዙት ይታጠፋል፤ እንስሳው በጀርባው ይገለበጣል፤ አፋችሁም እሹሩሩ ማለት ይጀምራል። የሰው ልጅ ተንጋሎ ይጠባል፤ ጊኒ ፒግ ግን በአራት እግሩ ቆሞ ነው። አንጋሎ የሚያጠባ ሰው ወተቱን ወደ ሳንባ ይልከዋል። ሲሪንጁን ቸኩሎ የሚገፋም እንዲሁ። እናት አልባ ጊኒ ፒጎች የሚሞቱት የሚያጠባቸው አጥተው ብቻ አይደለም፤ የሚያጠባቸው ቸኩሎም ነው።

አማቴ ይህን ሲሰሙ በድል አድራጊነት አዩኝ። "ምን አልኩህ?"

ጊዜው ሁዳዴ ነው ብያለሁ። የፍየል ወተቱን የሚያሞቁት አማቴ ናቸው፤ ምድጃውን ለሌላ ሰው አያምኑም። ጠብታ በእጃቸው አንጓ ላይ ጣል አድርገው ሙቀቱን ይለካሉ፣ ጠብታዋን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ያማትባሉ። አንድ ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ሲያሞቁ ጣታቸው ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ጣቱ ከንፈራቸው ሊደርስ ሲል ባነኑ። እዚያው እንደቆሙ ወደ እኔ ዞሩና፣ "አየህ ፈተና በምን በኩል እንደሚገባ?" አሉኝ። "በግማሽ ሚሊ።" ሚሊ የሚለውን ቃል የለመዱት በዚያ ሳምንት ነው፤ አሁን ለራሳቸው የደም ግፊት መድኃኒት እንኳ በሚሊ ካልሆነ አይጠይቁም።

ማጥባቱ ግን የሥራው ንጹሕ ክፍል ነው። ሌላም ክፍል አለ። እናት ጊኒ ፒግ ልጆቿን የምትልሰው ለፍቅር ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልተላሱ በደንብ ላይሸኑ ይችላሉ። እናት ስትጠፋ ያ ሥራ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጥጥ ለያዘ ሰው ይተላለፋል። ከእያንዳንዱ ጥባት በኋላ ቀስ አድርጎ ማሸት፤ እስኪወርድ መጠበቅ። ልጄ ሕፃን ሳለች ዳይፐር የመቀየር ተራዬ በደረሰ ቁጥር አስቸኳይ ስልክ ይደወልልኝ ነበር። አሁን በእኩለ ሌሊት መነጽሬን አድርጌ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ፣ የቡሬን መቀመጫ በጥጥ እያሸሁ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ስል አማቴ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

"ለራስህ ልጅ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ የኔ ልጅ ወገቧ ባልተቀጠፈ" አሉ። መልስ አልሰጠሁም፤ ቡሬ እየሸናች ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ሐኪሟ በመጨረሻ፣ ዕቃችንን ሰብስበን ልንወጣ ስንል የነገረችን ነው። ጊኒ ፒግ የሚበላውን ድርቆሽ የሚፈጨው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ ትልቁ አንጀቱ መነሻ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው የሚያብላሉለት። እነዚህ ሕዋሳት ልጁ ሲወለድ አብረውት አይወለዱም። የሚያገኛቸው የእናቱን በጠጥ በመብላት ነው። አዎ፣ በጠጥ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከሁለቱ ዓይነት በጠጣቸው ለስላሳውን መልሰው ይበሉታል፤ ያለዚያ ሲያመርቱት የዋሉት ቪታሚን ወጥቶ ይቀራል። ለሦስቱ የሚሆን በጠጥ ግን ቤታችን አልነበረም፤ ባለቤቴ በሐዘን ጊዜ ስለምታጸዳ ጎጆውን በበረኪና አጥባዋለች። "ከጤነኛ፣ ካደገ ጊኒ ፒግ ትኩስ በጠጥ ፈልጉ" አለች ሐኪሟ፣ ጨው አምጡ እንደሚባል ቀለል አድርጋ።

ይህን ለአማቴ እንዴት እንደምተረጉመው መኪና ውስጥ ሳስብ ቆየሁ። ሳይንሱን ጀመርኩ፤ ስለ አንጀት፣ ስለ ሕዋሳት፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ስለሚተላለፍ ነገር። አማቴ ንግግሬን አላስጨረሱኝም።

"እርሾ ነዋ!"

ከዚያ በኋላ እኔ ተማሪ ሆንኩ። ሊጥ ብቻውን ዱቄትና ውሃ ነው፤ ከቆየ ቡሖ የተነሣ እርሾ ካልገባበት እንደ ተኛ ይቀራል። እርሾ ያለቀበት ቤት ከጎረቤት ይጠይቃል፤ ይህ ውርደት አይደለም፣ ነውሩ ባዶ እጅ መሄድ ነው። እርሾ የሚጠየቀውም እርሾው ከሚያምር ቤት ነው፤ እንጀራዋ የማያምር ሴት ዘንድ ማን ይሄዳል? "ስለዚህ" አሉ አማቴ፣ "መጀመሪያ ልጆቿ የወዙላት ጊኒ ፒግ ያላት ሴት ፈልግ።" ሐኪሟ ስድስት ደቂቃ ፈጅታ ያስረዳችኝን እሳቸው ከቦሌ ከመሳፈራቸው በፊት ያውቁት ነበር።

ልጄ መረጃ አመጣች፤ ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ የምትኖር ሴት ወንድ ጊኒ ፒግ አላት። አማቴ ነጠላቸውን አጣፉ፤ የጾም ድፎ ዳቦ ቆርሰው በንጹሕ ፎጣ ጠቀለሉ። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነት ቀን አላዘጋጀኝም። "ይቅርታ አድርጊልን፤ ጎረቤቶችሽ ነን፤ የጊኒ ፒግሽን… ማለቴ ካልተቸገርሽ… ከእሱ የሚወጣውን…" እጄ ምን ምልክት እያሳየ እንደነበር ማስታወስ አልፈልግም። ከኋላዬ አማቴ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ፈገግ ብለዋል። ሴትየዋ ዳቦውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ዳቦውን አየች።

"እናት የሌላቸው ሕፃናት አሏችሁ?" አለች።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ትኩስ ነው የሚሻላችሁ። ግቡ፤ አሁን ድርቆሽ በልቶ ስለጨረሰ ብዙም አያስጠብቀንም።"

ሰው አገር ሰው ይቸግራል የሚሉ ሰዎች ይህችን ሴት አያውቋትም። ተቀምጠን ጠበቅን፤ ቡና ቢኖር ሦስተኛው የሚደርስበት ጊዜ ያህል። ወንዱ ጊኒ ፒግ ደንዳና፣ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ፣ ኮራ ያለ ነው። አማቴ ገጽታውን በጥንቃቄ አጠኑና "ይህ እርሾ ያማረ ነው" ብለው ፈረዱ። ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ልጄ በትንሽ ብልቃጥ እየተመላለሰች አመጣች። በጠጡ በውሃ ይላላል፣ ይጠለላል፣ ከወተቱ ጋር ጠብ ይደረጋል፤ የተረፈው ድርቆሹ አጠገብ ይቀመጥላቸዋል። ዝርዝሩን ለእንግዳ በምሳ ሰዓት እንዳትናገሩ።

የቪታሚን ሲ ጉዳይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የተከበረ ጨዋታ ነው። አብዛኛው እንስሳ ቪታሚን ሲን በራሱ አካል ይሠራዋል፤ ጊኒ ፒግና ሰው ግን ሁለቱም ይህን ችሎታ አጥተዋል። ይህ የጋራ ድህነታችን የታወቀውም በአጋጣሚ ነው። ሆልስትና ፍሮሊክ የሚባሉ ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች መርከበኞችን የሚያጠቃ በሽታ ሊያጠኑ ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ ያበሏቸዋል፤ እንስሶቹ የጠበቁትን በሽታ ትተው ስከርቪ ያዛቸው፤ ድዳቸው ደማ፣ አጥንታቸው ደከመ። ጎመንና ሎሚ ሲሰጣቸው ተሻላቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1907 ታተመ፤ ወደ ቪታሚን ሲ የሚወስደውም መንገድ ከዚያ ተከፈተ። አይጥ መርጠው ቢሆን ኖሮ ምንም ባላዩ ነበር፤ አይጥ ለራሱ ይሠራዋልና። ከዚያም ቀድሞ ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋስ ሲያስታውቅ ማስረጃው በከፊል የተገኘው ከጊኒ ፒጎች ነው። ይህን ስነግራቸው አማቴ ዝም አሉ፤ ወንድማቸው በወጣትነቱ በዚያ በሽታ ታክሞ የዳነ ነው። ከዚያ ተነሥተው ቀይ ፈረንጅ ቃሪያ በጣም ቀጭን አድርገው ከተፉና ለሦስቱ አቀረቡ። አበሻ ቃሪያ ስንግ አድርገው ሊሰጧቸው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ እንቅልፍ እንደጎደለኝ መጀመሪያ ያስተዋለው ፔሩዊው ባልደረባዬ ነው። ምክንያቱን ነገርኩት። ረጅም ሳቅ ሳቀ። አንዲስ ተራሮች ላይ ይህ እንስሳ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ጀምሮ ለማዳ ሆኖ የኖረው ለመብል ነው፤ የእሱ አያትም ማድ ቤታቸው ውስጥ እንደ ዶሮ ይለቁታል። ሲሪንጅ ይዞ የሚነሣ የለም፤ አንዷ ብትሞት ሌሎቹ ያጠባሉ፤ ቢወፍር ደግሞ ይጠበሳል። "ስንት ግራም ደረሱ?" ሲለኝ በጎ ፈቃድ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ኩስኮ ካቴድራል ውስጥ ማርኮስ ሳፓታ የሚባል ሠዓሊ የሣለው የመጨረሻው እራት ሥዕል እንዳለም ነገረኝ፤ ማዕዱ መሀል ሳህን ላይ የተጋደመው ጊኒ ፒግ ነው። ማታ ፎቶውን ለአማቴ አሳየኋቸው። ሦስቴ አማተቡ። ቆይተው ግን ሥዕሉን አቅርበው ተመለከቱት። "ምን ያድርግ፣ አገሩ ያፈራውን ነው ያቀረበው። የኛ ሠዓሊ ቢሆን እንጀራ ያቀርብ ነበር" አሉና ስልኩን መለሱልኝ። "ለልጅቷ ግን እንዳታሳያት።"

ክብደታቸውን በየጠዋቱ በወጥ ቤት ሚዛን እንለካለን። መጀመሪያ ጥቂት ግራም ቀነሱ፤ ይህ የተለመደ ነው ተብለን ነበር፤ ቢሆንም ቤቱ እንደ ፈተና ውጤት ቀን ጸጥ አለ። ከዚያ የሚዛኑ መርፌ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ዳማ ጎጆው ውስጥ ካለበት ሽቅብ እየዘለለ አየር ላይ ይታጠፋል፤ ጤነኛ ጊኒ ፒግ ደስ ሲለው እንዲህ ያደርጋል። ፍሪጅ በተከፈተ ቁጥር ሦስቱም ባንድ ድምፅ ይጮኻሉ።

አሁን የምናገረው ለሐኪሟም ያልነገርኳት ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ሦስቱም ሲሪንጁን ጠሉት። ድርቆሽ ይበላሉ፣ የተጨመቀውን መኖ ይቆረጥማሉ፣ ከሳህን ውሃ ይጠጣሉ፤ ሲሪንጁ ሲመጣ ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። ራሳቸውን ችለዋል። ማቆም ያቃተው እኛን ነው። ባለቤቴ "ዛሬ ብቻ፣ ሌሊቱ ስለሚበርድ" ትላለች። ልጄ ተደብቃ ልታጠባ ስትል ትያዛለች። እኔ ራሴ ማንቂያው ሳይደወል በስምንት ሰዓት ሌሊት እየነቃሁ ጎጆው አጠገብ እቆማለሁ፤ ሦስቱ ተደጋግፈው ድርቆሽ ሲያኝኩ ቀና ብለው ያዩኛል፤ "ምን ፈልገህ ነው?" የሚል አስተያየት። ነገሩን ስመረምረው ያ ሁሉ ግርግር ግማሹ ለእነሱ አልነበረም። እነሱ የፈለጉት ሙቀት፣ ጥቂት ጠብታ፣ ጥጥና እርሾ ነበር፤ የቀረውን ይዘውት ነው የተወለዱት። የተረፈው ጥድፊያ የእኛ ረሃብ ነው። አማቴ ሲሪንጆቹን ሰብስበው በፌስታል ቋጠሩና ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ የልጄ እጅ በማይደርስበት፣ የእኔ ግን በሚደርስበት ቦታ ሰቀሉት። "አንተን አምኜህ ነው" አሉኝ። ይህ ከመቆለፍ የከፋ ነው።

ከዚያ ሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሐኪሟ ጭናቸውን እየገለጠች አየችና ዳማ ብቻ ወንድ ነው አለች፤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ለዩት፤ ወንዱ በሦስት ሳምንቱ ማስረገዝ ይችላል፣ ሴቶቹም ወር ገደማ ሲሆናቸው ይፀንሳሉ።

አማቴ ትርጉሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። "በሦስት ሳምንቱ?" ዳማን በመዳፋቸው ይዘው ፊቱን አዩት። "አንተ! ትናንት ያጠባሁህ!"

ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ይኖራሉ። ዳማ ግን የት ይሂድ? ብቻውን ማኖር አይሆንም። መልሱ ሁለት ፎቅ በላይ ነበር፤ እርሾ ሰጪያችን ጓደኛ የለውም፣ ጎልማሳ ወንድ ደግሞ ትንሽ ወንድ ልጅን ከእኩያው ይልቅ በቀላሉ ይቀበላል። ይቀበላል ማለት ግን ዝም ብሎ ጎጆው ውስጥ መጨመር አይደለም። ጎጆው የአንደኛው ርስት ነው፤ ማስተዋወቁ የሚካሄደው የማንም ባልሆነ መሬት ላይ፣ ድርቆሽ በብዛት ተበትኖ ነው። ይህን ለአማቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ በዋርካ ሥር የተቀመጠ ሽምግልና አይተዋል። የሴትየዋ መታጠቢያ ቤት ወለል ተመረጠ። ሁለቱ ሴቶች ሁለት በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ፎጣ ይዤ በር ላይ ቆምኩ፤ ቢናከሱ መሀል የምወረውረው ነው።

ትልቁ ዳማን አሸተተው። ከዚያ ወገቡን እያወዛወዘ፣ ከሆዱ የሚወጣ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ እያሰማ በዙሪያው ይንጎራደድ ጀመር።

"እማማ፣ ምን እያደረገ ነው?" አለች ልጄ።

"እየፎከረ ነዋ።"

"ዳማስ ለምን አይፎክርም?"

"ምን ገሎ ይፎክር የኔ እናት? ገና ምኑን አይቶ።"

ዳማ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ትልቁ አንድ ሁለት ጊዜ አገጩን ጀርባው ላይ ጭኖ የበላይነቱን አስመዘገበ። ዳማ ጮኸ፣ ሸሸ፣ ተመለሰ፣ በመጨረሻም አንገቱን ቀልሶ ትልቁ ከሚበላው ድርቆሽ ባንድ ወገን መብላት ጀመረ። ትልቁ አየው፤ ፉከራውን አቋርጦ እሱም መብላቱን ቀጠለ። ፎጣዬን አጠፍኩ።

አማቴ ግን አልጨረሱም። ወደ ሴትየዋ ዞሩና እኔን በክርናቸው ጎሰሙኝ።

"በላት፣ በጀርባው እንዳታስተኛው።"

"እማማ፣ ሴትየዋ እኮ ልጆቿን ሳይቀር ከጊኒ ፒግ ጋር ያሳደገች ናት።"

"በላት አልኩህ። ቃሪያውን በቀጭኑ ትክተፍ። ጎመን ከሰጠችው አታብዛ። ሌሊት ቢጮኽ ቶሎ አትነሣ፤ ይለምድባታል። በየሳምንቱ ትመዝነውና ግራሙን ለልጅቷ ትንገራት። ደግሞ እንግዳ ሰው መጥቶ 'ምስኪን' ብሎ ምንም እንዳያበላው።"

አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ሴትየዋ ከመሳቢያ ውስጥ እስክሪብቶና ወረቀት አወጣች፤ ስለ ጎመኑ የተባለውን እንድደግምላት ጠየቀችኝና ጻፈችው።